የጆይስቲክ ቻርጅ ማድረጊያ ስታንድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጨዋታው 2 ለ 2 ነው። 88ኛው ደቂቃ ላይ ናችሁ። ጆይስቲኩ «ባትሪዬ አልቋል» ይላል። ከዚያ ገመድ ፍለጋ ይጀመራል። ስታንድ የሚባለው ዕቃ የተሠራው ለዚህ ነው። ችግሩ ገበያው ላይ ዓይነቱ በዝቷል፣ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈውም ከልክ አልፏል። የኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ስታንድ ሲገዛ ገንዘብ የሚከፈለው ጆይስቲኩ በደንብ ስለሚቀመጥበትና በደንብ ስለሚነካ ነው። «ፈጣን ቻርጅ» የሚለው ጽሑፍና ቀለም የሚቀያይረው መብራት ለጌጥ ነው።

ስታንድ የግድ ያስፈልገኛል?

የግድ አይደለም። አንድ ጆይስቲክ ብቻ ካላችሁና ደህና ገመድ ካለ፣ ገመዱ ይበቃል። የስታንድ ጥቅም የሚታየው ጆይስቲኩ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ወይም ቤት ውስጥ ልጆች ሲኖሩ ነው። ልጅ ገመድ ቀስ ብሎ አይነቅልም፣ ጎትቶ ነው የሚነቅለው። የቻርጅ ቀዳዳ የሚላላውም በዚህ ነው። ስታንድ ላይ ግን ማስቀመጥና ማንሳት ብቻ ነው። ሌላው ጥቅሙ ቦታ ማስያዙ ነው። ጆይስቲክ ሶፋ ሥር አይጠፋም፣ ወለል ላይ ተረስቶም አይረገጥም።

ከገመድ ይልቅ ቶሎ ይሞላል?

አይሞላም። የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ሰርኪት ያለው ጆይስቲኩ ውስጥ ነው። ስታንዱ 5 ቮልት ያቀርባል፣ ምን ያህል እንደሚስብ የሚወስነው ጆይስቲኩ ነው። ሶኒ ራሱ ለፒኤስ5 (ለፕሌይስቴሽን 5) ጆይስቲክ፣ ለዱዋልሴንስ፣ የሚሸጠው ስታንድ እንኳ ጆይስቲኩን ከፒኤስ5 ጋር በገመድ ከማገናኘት አይበልጥም። 3 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ስም የሌለው ዕቃ «በ1 ሰዓት ይሞላል» ካለ፣ የጆይስቲኩ ሠሪ ያልቻለውን እሱ ከየት አመጣው?

መዘግየት ግን ይችላል። ሁለት ጆይስቲክ የሚይዝ ስታንድ ከደካማ ዩኤስቢ ከተሰካ፣ ያለችውን ኃይል ሁለቱ ይካፈሏታል። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደረጃው መሠረት የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር ነው። የፒኤስ4 ጆይስቲክ ብቻውን እስከ 800 ይስባል። ሁለት ሲሆኑ 1,600 ማለት ነው። ጆይስቲኩ ከተለመደው በላይ ሲጓተት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ሱቅ ስሄድ መጀመሪያ ምኑን ልይ?

ጆይስቲኩ ስታንዱን የሚነካበትን ቦታ። ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ጆይስቲኩ ላይ ከፋብሪካ የተሠሩትን የብረት መንኪያዎች የሚጠቀም ነው። ዱዋልሴንሱን አንሱና ከታች በኩል የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበትን ቀዳዳ ተመልከቱ። ግራና ቀኙ ላይ ትንንሽ የብረት መንኪያዎች አሉ። ብዙ ሰው ለዓመታት ተጫውቶበት አስተውሏቸው አያውቅም። የተቀመጡት ለስታንድ ነው። የፒኤስ4ቱ ዱዋልሾክ 4 ደግሞ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ጎን ኢኤክስቲ የሚባል ሰፋ ያለ ማስገቢያ አለው፣ ደህና ስታንድ በእሱ በኩል ይሞላዋል። በዚህ መንገድ የዩኤስቢ ቀዳዳው ጨርሶ አይነካም። ምርጫ ካላችሁ ይህን ዓይነቱን ውሰዱ።

ሁለተኛው ትንሽ ማስማሚያ ያለው ነው። ማስማሚያዋ ጆይስቲኩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ውስጥ ትሰካና እዚያው ትቀራለች። ስታንዱ ላይ ሲቀመጥ የሚነካው የእሷ ጀርባ ነው፣ አንዳንዱ በማግኔት ይስባታል። መጥፎ ዘዴ አይደለም። ቀዳዳው በየቀኑ ከመሰካትና ከመነቀል ያርፋል። ጣጣው ማስማሚያዋ ጥፍር ስለምታክል መጥፋቷ ነው። ከጠፋች ስታንዱ ሥራ ይፈታል። ትርፍ ማስማሚያ አብሮት የሚሸጠውን ፈልጉ።

ሦስተኛውን ተዉት። የዩኤስቢ ጫፍ ስታንዱ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና ጆይስቲኩ ከላይ ይጫንበታል። ክብደቱ በሙሉ እዚያች ጫፍ ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ ቀን ትንሽ አዝምሞ ያስቀመጠ ሰው ወይ ጫፏን ያጣምማል፣ ወይ የጆይስቲኩን ቀዳዳ ያላላዋል። ማይክሮ ዩኤስቢ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም ደካማ ነው። ዋጋው ርካሽ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ጆይስቲካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁ ስታንዱን ሶኬት ላይ ይሰካላችሁ። ጆይስቲኩን አስቀምጡ፣ የራሱ መብራት እስኪበራ ጠብቁ፣ ከዚያ በጣታችሁ ግራና ቀኝ ገፋ ገፋ አድርጉት። መብራቱ ጠፋ መጣ ካለ ያ ስታንድ ቤት ገብቶ አይሻሻልም። የሲሊኮን ልባስ የምትጠቀሙ ከሆነ ከነልባሱ ሞክሩት። ብዙ ስታንዶች ልባስ ያለውን ጆይስቲክ በደንብ አያስቀምጡም። በየቀኑ ማውለቅና ማልበስ ደግሞ ከሳምንት በላይ አይዘልቅም፣ ስታንዱም አቧራ ለብሶ ይቀራል።

የፒኤስ4 ጆይስቲኬ የቻርጅ ቀዳዳው ተበላሽቷል። ስታንድ ያድነዋል?

ብዙ ጊዜ አዎ፣ በኢኤክስቲ በኩል የሚሞላ ስታንድ ከሆነ። ያ ማስገቢያ ከማይክሮ ዩኤስቢው የተለየ መንገድ ነው። ቀዳዳው የተሰበረ ጆይስቲክ በዚያ በኩል ቻርጅ አድርጎ መጫወት ይቀጥላል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ስታንድ ኃይል እንጂ ዳታ አያስተላልፍም። ጆይስቲኩን ከሌላ ፒኤስ4 ጋር ለማላመድ የተለመደው መንገድ በገመድ ነው፣ ገመዱ ደግሞ ያንኑ የተበላሸ ቀዳዳ ይፈልጋል። ማስጠገን ካማራችሁ አትፍሩ። የዱዋልሾክ 4 የቻርጅ ቀዳዳ ያለው ለብቻዋ በተሠራች ትንሽ ቦርድ ላይ ነው። በቀጭን ሪባን ገመድ ከዋናው ጋር ትገናኛለች። ቦርዷ ትቀየራለች፣ ብየዳም አያስፈልግም። የጆይስቲኩን ሞዴል አይቶ ትክክለኛዋን መግዛት ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም።

የፒኤስ3 ጆይስቲክ በስልክ ቻርጀር ለምን እምቢ ይላል?

ዱዋልሾክ 3 ሌላ ጠባይ አለው። ቻርጅ ከመጀመሩ በፊት በገመዱ ሌላኛው ጫፍ ኮምፒውተር ወይም ጌም ማጫወቻ መኖሩን በዳታ መስመሩ ያጣራል። ተራ የስልክ ቻርጀር መልስ ስለማይሰጠው ቻርጅ አያደርግም። ጆይስቲኩ ተበላሽቷል ብለው የሚጥሉት አሉ። ከላፕቶፕ ወይም ከበራ ፒኤስ3 ጋር አገናኙት። ገመዱም ማይክሮ ሳይሆን ሚኒ ዩኤስቢ ነው። ስታንድ ልግዛለት ካላችሁ በተለይ ለፒኤስ3 የተሠራ መሆን አለበት። ለፒኤስ4 የሚሆነው አይሠራለትም።

ኤክስቦክስ ነው ያለኝ። የኔ የተለየ ነው?

በጣም። የኤክስቦክስ ዋን እና የሲሪየስ ኤክስ እና ኤስ ጆይስቲክ ውስጡ የሚሞላ ባትሪ የለውም። ሁለት ደብል ኤ ባትሪ ድንጋይ ነው የሚወስደው። ስለዚህ የኤክስቦክስ ስታንድ ብዙውን ጊዜ ከራሱ ባትሪና ከራሱ የጀርባ ክዳን ጋር ይመጣል። ድንጋዩን ታወጣላችሁ፣ ባትሪውን ታስገባላችሁ፣ መንኪያ ያለውን ክዳን ትገጥማላችሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው የኤክስቦክስ ዋንና የሲሪየስ ጆይስቲክ ክዳናቸው አንድ አለመሆኑ ነው። «ለኤክስቦክስ» ብሎ በደፈናው የተጻፈበትን አትመኑ፣ ለየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። ሁለተኛው ከስታንዱ ጋር የሚመጣው ባትሪ ጥራት ነው። ስታንዱ ደህና ሆኖ ባትሪው በጥቂት ወራት የሚደክም ዕቃ ሞልቷል። በማይክሮሶፍት ፈቃድ የሚሠሩት፣ ለምሳሌ የፓወርኤ ስታንዶች፣ በዚህ በኩል ይሻላሉ።

የኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ግን ለኤክስቦክስ ስታንዱን ትቼ የሚሞሉ ደብል ኤ ድንጋዮች አራት ከነቻርጀራቸው እገዛለሁ። ሁለቱ ጆይስቲኩ ውስጥ፣ ሁለቱ ቻርጀሩ ላይ። ሲያልቅ በግማሽ ደቂቃ ይቀየራል። ድንጋዩ ሲያረጅ ድንጋዩን ብቻ ትጥላላችሁ። ግን ጆይስቲኩን በዩኤስቢ ስለሰካችሁት ውስጡ ያለው ድንጋይ አይሞላም፣ ወደ ቻርጀሩ መሄድ አለበት። ከሱቅ የሚገዛውን የማይሞላ አልካላይን ድንጋይ ደግሞ በምንም ዓይነት ቻርጀር አትሞክሩት፣ ይፈነዳል ወይም ያፈሳል። ኤሊት ሲሪየስ 2 የሚባለው ውዱ የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ባትሪው ውስጡ ነው፣ የራሱ ትንሽ ስታንድም ከነመያዣው አብሮት ይመጣል።

ኔንቴንዶ ስዊችስ?

ጆይኮን የሚባሉት የስዊች ትንንሽ ጆይስቲኮች ዋና ስታንዳቸው ስዊቹ ራሱ ነው፣ ጎኑ ላይ ስታንሸራትቷቸው ይሞላሉ። ከባዶ እስኪሞሉ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስድባቸዋል። የተለየ ስታንድ የሚያስፈልገው አራት ጆይኮን ላለው ቤት ነው። ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር ልንገራችሁ፦ ከስዊቹ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው መያዣ ጆይኮኖቹን አይሞላም፣ ፕላስቲክ ብቻ ነው። የሚሞላው ለብቻው ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የስዊች 2 ጆይኮን በማግኔት ስለሚያያዝ የድሮው ስታንድ አይሆነውም።

ስታንዱ አረንጓዴ ያበራል፣ ጆይስቲኩ ግን ባዶ ነው። ምንድን ነው?

ይህች መብራት ብዙ ሰው አታላለች። በርካሽ ስታንዶች ላይ ቀይ ማለት «ኃይል እየተሳበ ነው»፣ አረንጓዴ ማለት ደግሞ «ምንም እየተሳበ አይደለም» ማለት ነው። ኃይል የማይሳበው ወይ ባትሪው ሞልቶ ነው፣ ወይ ጆይስቲኩ መንኪያውን ስላልነካ ነው። ስታንዱ ሁለቱን አይለይም። ባዶ ስታንድ ሰክታችሁ እዩት፣ አረንጓዴ ይሆናል።

ማየት ያለባችሁ የጆይስቲኩን መብራት ነው። ዱዋልሾክ 4ም ዱዋልሴንስም ጠፍተው ቻርጅ ሲያደርጉ መብራታቸው ብርቱካናማ ሆኖ ቀስ እያለ ይበራል ይጠፋል። ሲሞላ ጨርሶ ይጠፋል። ጆይስቲኩን ስታስቀምጡ ያቺን ብርቱካናማ ካላያችሁ አንሱና እንደገና አስቀምጡ። እንደዚያም ሆኖ ካልበራ መንኪያዎቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የእጅ ላብና የቺፕስ ዘይት እዚያ ላይ ይጋገራል። እልኸኛ ከሆነ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በትንሹ አልኮል ነክራችሁ እሹት፣ ከመሰካቱ በፊትም ይድረቅ።

ስታንዱን ከጌም ማጫወቻው ልሰካ ወይስ ከግድግዳ?

ከግድግዳ፣ በራሱ አዳፕተር። ከፒኤስ5 ዩኤስቢ ጋር ከተሰካ ማጫወቻው ሬስት ሞድ (ጨርሶ ሳይጠፋ የሚያርፍበት ሁኔታ) ላይ ሲሆን ኃይል እንዲሰጥ በሴቲንግ ውስጥ፣ በፓወር ሴቪንግ ሥር መፍቀድ ያስፈልጋል። ከምርጫዎቹ አንዱ ከ3 ሰዓት በኋላ ኃይሉን ያቋርጣል። ይህን ሳያውቁ ስታንዱን የሚረግሙ አሉ።

የአዳፕተሩን ነገር ቀለል አታድርጉት። አደጋ ካለ ከስታንዱ ይልቅ የሚመጣው ከእሱ ነው። 220 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደው አዳፕተሩ ነው። ውስጡ መለያያ የሌለው የውሸት አዳፕተር የመስመሩን ኃይል እስከ ስታንዱ ብረት ድረስ ሊያመጣው ይችላል። የስታንዱን መንኪያ ስትነኩ ከነዘራችሁ ሳታመነቱ ንቀሉና አዳፕተሩን ቀይሩ። ብዙ ስታንዶች ያለ አዳፕተር ነው የሚሸጡት። 5 ቮልት ከ2 አምፒር በላይ የሚሰጥ ከስልክ ጋር የመጣ ኦርጂናል አዳፕተር ካላችሁ ለሁለት ጆይስቲክ ይበቃል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚፈጠረው የኃይል ከፍታም አለ። መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን ማጥፋት፣ መጥቶ ሲረጋጋ መልሶ ማብራት። ይህችን ልማድ ያደረገ ቤት አዳፕተር ብቻ ሳይሆን ቴሌቪዥንም ያተርፋል። የኃይል መከላከያ ያለው ዲቫይደር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

የስልኬ ፈጣን ቻርጀር 65 ዋት ነው። ጆይስቲኩን ያቃጥለዋል?

አያቃጥለውም። ፈጣን ቻርጀር ከፍ ያለ ቮልት የሚሰጠው ዕቃው ሲጠይቀው ነው። ጆይስቲኩ ስለማይጠይቀው 5 ቮልት ላይ ይቆያል።

በተቃራኒው ጭራሽ ላይሠራ ይችላል። አንዳንድ ርካሽ ስታንዶች የኃይል ማስገቢያቸው ዩኤስቢ-ሲ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱም ጫፉ ሲ በሆነ ገመድ ሲሰኩ ሙት ናቸው። ምክንያቱ ውስጣቸው መኖር ያለባቸው ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ተዘልለው መሠራታቸው ነው። ያለ እነሱ ቻርጀሩ በሌላኛው ጫፍ ዕቃ መኖሩን አያውቅም፣ ኃይልም አይለቅም። አንድ ጫፉ ሰፊው የድሮው ዩኤስቢ የሆነ ገመድና እሱን የሚቀበል አዳፕተር ስትሞክሩ ወዲያው ይነሳል። ስታንዱን ለባለሱቁ ከመመለሳችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ወንድሜ ከአሜሪካ ሊልክልኝ ነው። ችግር አለው?

ሁለት ነገር ያይላችሁ። አንድ፣ ስታንዱ የራሱ አዳፕተር ካለው አዳፕተሩ ላይ «ኢንፑት» በሚለው መስመር ምን ተጽፏል? 100-240 ቮልት ካለ እዚህም ይሠራል። 120 ብቻ ካለ ግን እኛ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ያው ነው፣ ጭሱን ታያላችሁ። ሁለት፣ መሰኪያው። የአሜሪካው ጠፍጣፋ ሁለት እግር ነው፣ የእኛ ሶኬት ክብ ይፈልጋል። ከዱባይ የሚመጣ ከሆነ ቮልቱ አያሳስብም፣ መሰኪያው ግን ባለ ሦስት እግር ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም የሚቀለው በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚሠራ ስታንድ እንዲልክ መንገር ነው። አዳፕተሩን እዚሁ ታገኛላችሁ። የሶኒው ኦርጂናል እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ዋጋው 29.99 ዶላር ነበር። እዚህ «ኦርጂናል ነው» ተብላችሁ ዋጋ ሲጠራባችሁ ያንን በልባችሁ ያዙ።

መብራት በሌለ ጊዜ በፓወር ባንክ ይሞላል?

በደንብ። የዱዋልሴንስ ባትሪ 1,560 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፣ የዱዋልሾክ 4 ደግሞ 1,000። የአብዛኛው ዘመናዊ ስልክ ባትሪ 5,000 አካባቢ መሆኑን አስቡት። 10,000 የሚል ደህና ፓወር ባንክ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ ዱዋልሴንስን ሦስት ጊዜ ያህል ይሞላዋል። መብራት ከሌለ ግን ቴሌቪዥኑን በምን ልታዩት ነው? ስልክ ላይ ለምትጫወቱ ግን ጠቃሚ ነው። ጆይስቲኩን በብሉቱዝ ከስልኩ ጋር አገናኝቶ መጫወት ይቻላል።

ኤሌክትሪክ ይፈጃል? ልጄ ሁሌ ሰክቶት ይሄዳል።

አይፈጅም። አንድን ዱዋልሴንስ ከባዶ መሙላት 7 ዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚወስደው። በ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ከ100 ጊዜ በላይ ይሞላል። ልጁን የምትቆጡበት ምክንያት ከፈለጋችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሌሊቱን ሙሉ ስታንዱ ላይ ቢያድር ባትሪው ይጎዳል?

ሲሞላ ጆይስቲኩ ራሱ ያቆማል፣ ስለዚህ ማደሩ አያስፈራም። ባትሪውን ቀስ እያለ የሚያደክመው ሙቀት ነው። ፒኤስ5 ሞቃት አየሩን የሚያወጣው ከኋላ ነው። ኤክስቦክስ ሲሪየስ ኤክስ ደግሞ በአናቱ። አናቱ ሰፊ ጠረጴዛ ስለሚመስል ስታንድ የሚያስቀምጡበት አሉ፣ ማጫወቻውንም ባትሪውንም ያፍኑታል። መስኮት ሥር ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታም አይሆንም። ለወራት የማትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ከስታንዱ አንሱት። ሊቲየም ባትሪ ባዶ ሆኖ ብዙ ሲቀመጥ ይሞታል።

ጌም ቤት አለኝ። ስንት ስታንድ ያስፈልገኛል?

ሂሳቡ የሚጀምረው ከጆይስቲክ ነው። አንድ ዱዋልሴንስ ባትሪው ደህና ከሆነ እንደ ጨዋታው 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሠራል፣ ለመሙላት 3 ሰዓት ይፈልጋል። 6 ሰዓት ሥራ፣ 3 ሰዓት እረፍት። በዚህ ስሌት ለአንድ ማጫወቻ ሦስት ጆይስቲክ ካለ፣ ሁለቱ ሁሌ እጅ ላይ፣ አንዱ ስታንድ ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይዞራል። ባትሪው አርጅቶ 3 ሰዓት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን አራት ያስፈልጋል። ስለዚህ ያረጀ ባትሪ መቀየር ተጨማሪ ጆይስቲክ ከመግዛት ይረክሳል።

ብዙ ጌም ቤቶች ይህን ሁሉ ትተው በረጅም ገመድ እያጫወቱ ነው። አልፈርድባቸውም፣ ጆይስቲክ በኪስ ይዞ የሚወጣ ደንበኛም አለ። ግን ገመዱ ቀኑን ሙሉ ሲጎተት ቀዳዳው ይላላል፣ የጥገናው ወጪም ይደጋገማል። በመንኪያ የሚሞላ ስታንድ ወጪውን የሚመልሰው ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ ነው። ከቤት ይልቅ እዚህ ስለሚንገላታ ከባድና ሥሩ ጎማ ያለውን ምረጡ። ጆይስቲክ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ቀላል ስታንድ አንድ ወር አይቆይም። ጆይስቲኮቹንም በማርከር ቁጥር ጻፉባቸው፣ ከየትኛው ማጫወቻ ጋር እንደተላመዱ ካልታወቀ ቅዳሜ ከሰዓት ስታንዱ ዙሪያ ትርምስ ነው።

ኦርጂናል ልግዛ ወይስ ኮፒውም ይሆናል?

ስታንድ ቀላል ዕቃ ነው። እንደ ጆይስቲኩ አይደለም፣ ኮፒው ደህና ሊሠራ ይችላል። ኦርጂናሉ የሚበልጠው በአገጣጠሙ ልክነት ነው። የሶኒው ላይ ጆይስቲኩን ስታስቀምጡ ቀጭ ብሎ ይገባል፣ ሳታዩትም በጨለማ ታስቀምጡታላችሁ። በኮፒው ላይ መፈለግ ያለባችሁ ያንን ስሜት ነው። ከላይ ያልኩትን የግፊት ሙከራ ካለፈና አዳፕተሩን ራሳችሁ ካመጣችሁ፣ ተረፈ ገንዘቡን ለሌላ አውሉት።

ስታንድ ገዝቻለሁ፣ ጆይስቲኩ ግን አሁንም በ1 ሰዓት ይሞታል።

ያ የባትሪው እርጅና ነው፣ ስታንድ አያድነውም። ሊቲየም ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ከሞላና ከባከነ በኋላ መያዝ ያቅተዋል። የዱዋልሾክ 4ም የዱዋልሴንስም ባትሪ በትንሽ ሶኬት ነው የተያያዘው፣ ያለ ብየዳ ይቀየራል። ስትገዙ በመጠን ያው ሆኖ «3,000» የሚል የተጻፈበትን አትመኑ። 1,000 የሚይዝ ቦታ ላይ ሦስት እጥፍ አይጨመቅም። የዱዋልሾክ 4 ባትሪ ሶኬትም በድሮውና በአዲሱ ሞዴል ስለሚለያይ አሮጌውን አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ጆይስቲኩ ደግሞ በስፌቱ በኩል መከፈት ከጀመረ፣ ወይም ከላይና ከታች ያለው ፕላስቲክ ከተራራቀ፣ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስታንድ ላይ አይቀመጥም። ኃይል ሳትሰኩ ወደ ጥገና ቤት ውሰዱት፣ ራሳችሁ ከከፈታችሁትም ባትሪውን በስለት አትፈልቅቁ።